በዜማ የተነበበው መመሪያ

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ትዕግሥት ፔዳ ሰፈር ከተከራየችው ቤት መጣችና ገና ሳትቀመጥ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። መሥሪያ ቤቷ ስለ ታራሚዎች መብት ያሠራው ነገር ነው አለችኝ። ታራሚ የሚሉት የዛሬ ልጆች ናቸው፤ እኛ እስረኛ ነበር የምንል። ከፈተችው። መጀመሪያ በገና ተሰማ፣ ቀጥሎ ዋሽንት፣ ከዚያ ድምፅዋ ማር የሆነ አንዲት ልጅ «ማንኛውም ታራሚ ቅሬታውን የማቅረብ» እያለች ታንቆረቁረው ጀመር። ጣና ከሰማይ ላይ ሆኖ ሲታይ፣ ወፎች ሲነሡ፣ ታንኳ ሲቀዘፍ ያሳያል። እስር ቤት የሚባል ነገር ግን ዝር አይልበትም። «እቴቴ፣ አያምርም? በየማረሚያ ቤቱ ሊከፈት እኮ ነው» ትለኛለች ዓይኗ እያበራ። «አጥፊልኝ!» ብዬ ጮህሁባት። ልጅቱ ክው አለች። «አባባም እንዲሁ አደረገኝ፤ ገና ሲጀምር ምርኩዙን አነሣና ወጣ። ቆይ፣ ምን አጠፋሁ?» አለች፣ እንባዋ እየመጣ።

ምን ታጠፋለች፣ የኔ ምስኪን። አባቷ «ምስማር ወግቶኝ አመርቅዞ እግሬ ተቆረጠ» ብሎ ነው ያሳደጋት፤ ከዚያ የዘለለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እኔም እግሩ የሱ ነው፣ ነገሩም የሱ ነው ብዬ አፌን ይዤ ኖርሁ። ያ በገና ግን አፌን አስከፈተኝ። መብትን ያህል ነገር በዘፈን ሲለውሱት አይቼ ዝም ብል ይፈነዳል ይህ ልቤ።

ደሴ፣ የትዕግሥት አባት፣ ታናሼ ነው። ያኔ ባሕር ዳር ዘንባባዎቿ ገና ለጥላ ያልበቁ፣ ሹሙም ሠራተኛውም በሳይክል የሚሄድባት ከተማ ነበረች። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ስንለቅ መንገዱ በሳይክል ደወል ይናወጣል። እኔ ክር ክፍል ነበርሁ፤ ብናኙ ጠጉሬ ላይ እንዳያርፍ ሻሼን እስከ ቅንድቤ አወርደው ነበር። ከሥራ ስንወጣ ሐይቁ ዳር እንወርድና ገና ከታንኳ ሲያወርዱት የሚንፈራገጠውን ዓሣ በስሙኒ ገዝተን፣ በደንገል አንጠልጥለን እንመጣለን። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ ቁጭ ብላችሁ አንድ ጥብስ ብታዙ ዋጋውን ስትሰሙ ሳትበሉ ትጠግባላችሁ። ደሴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሱሪው ከታች የሰፋ ቤልቦተም፣ ሸሚዙ የተትረን ጨርቅ፣ ጠጉሩ አፍሮ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። ፋሲሎ ሰፈር ማዕዘኑ ላይ ሸክላ የምታጫውት አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ደሴ መኪናውን ከዳር አቁሞ ይወርድና በረንዳው ላይ ሲጨፍር የሚያየው ሰው ሁሉ ሻዩ ይቀዘቅዝበት ነበር። ሠርግ የደገሰ ሁሉ ደሴን ካልጠራ ሠርጉ ሠርግ አይመስለውም። እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር እኮ! ሴቶቹም ይህን ያውቃሉ፣ እሱም ማወቃቸውን ያውቃል።

ታዲያ አንድ ቀን ዱርቤቴ መንገድ ላይ መኪናውን ገለበጠ። ከገበያ የሚመለስ አንድ ሰው አቆሰለ። ሰውየው ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደሴ ግን ተፈረደበት። በፍርዱ ቅር አላለኝም፤ ያጠፋ ሰው ይቀጣል። የታሰረባት ወህኒ ቤት ጠባብ፣ ቆርቆሮዋ የዛገ፣ ዙሪያዋን በእሾህ ሽቦ የታጠረች ነበረች። ዛሬ የለችም፤ ቦታዋ ላይ መስተዋት በመስተዋት የሆነ ሕንጻ ቆሟል፣ ምድር ቤቱ ኬክ ይሸጥበታል። በዚያ ሳልፍ ኬክ የሚበሉትን ልጆች እያየሁ እናደዳለሁ፤ እነሱ ምን ያድርጉኝ?

እሑድ እሑድ ስንቅ ይዤ እሄድ ነበር። በሩ ላይ ዋርድያው ሳህኑን አስከፍቶ «ቅመሺ» ይላል፤ ቀምሰሽ ታሳዪዋለሽ። ከዚያ አንዲት እንጨት አለችው፤ በዚያች እንጨት ወጡን ያማስላል፣ ውስጡ ምላጭ ወይ ደብዳቤ እንዳይኖር። እንጨቷ አትታጠብም። የአንዷን ሥጋ ወጥ ያማሰለባትን ይዞ የጾመኛውን ሽሮ ይወጋል። አንዲት ሴት «ኧረ ስለ ፈጠረህ፣ ልጄ ጾመኛ ነው» ብትለው «እዚህ የገባ ሁሉ ጾሙ ፈርሷል» ብሎ ሳቀባት። እፍ! ያቺ እንጨት ትዝ ባለችኝ ቁጥር እስካሁን ማማሰያዬን ሁለቴ አጥባለሁ።

ፍተሻው ካለቀ በኋላ እስረኞቹ እስኪወጡልን አጥሩ ሥር እንቆማለን። ረፋድ ላይ ታዲያ ከውስጥ ዜማ ይነሣል። ምን ዓይነት ዜማ መሰላችሁ! ቃሉ አይለይም፤ ድምፁ ብቻ ነው አጥሩን ተሻግሮ የሚመጣ። ከፍ ይላል፣ ይንቆረቆራል፣ ደግሞ ወርዶ አንጀት ውስጥ ይገባል። እኛ ውጭ ያለነው ሴቶች ነጠላችንን አጣፍተን እናማትባለን፣ ጎንበስ እንላለን። በመጨረሻ ከውስጥ «አሜን» ሲባል እኛ ከውጭ እልልታውን እናቀልጠዋለን። እኔም እልል ብያለሁ፤ ምን አውቄ! የልጃቸውን ስንቅ የሚያመጡ እማማ ዘርፌ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። «ታስረውም ጸሎት አልተነፈጉ፤ ተመስገን» እያሉ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር። ዋርድያዎቹም ደረታቸውን ነፍተው ያዩናል። ሕዝቡ ደስ ብሎታል ማለት ነው።

ደሴ ሲወጣ «ታድላችሁ፣ ቅዳሴ ይቀደስላችኋል» አልሁት። ሁለት አጥር አለ በመካከላችን፤ ዋርድያው በመሐሉ ይመላለሳል፤ የምናወራው በጩኸት ነው።

«የምን ቅዳሴ? መመሪያ ነው» አለኝ።

«የምን መመሪያ?»

«እኔ እንጃ። ከላይ የመጣ ነው አሉ። መሪጌታ ላቀው ሲያነቡት ግን ስሚኝ ልንገርሽ፣ እናታችንን ነው የሚያስታውሰኝ።»

ሲመለስ አየሁት፤ ያነክሳል። «ምን ሆንህ?» ብዬ ብጠይቀው እንጨት ሥራ ክፍል ምስማር እንደረገጠ ነገረኝ፤ ይሽራል አለ። በሌላው እሑድ በሰው ትከሻ ተደግፎ መጣ። እግሩ በአሮጌ ሸሚዝ ተጠቅልሎ ድቡልቡል ብሏል። በሦስተኛው እሑድ ከማየቴ በፊት ሸተተኝ። ሁለት አጥር ተሻግሮ ሸተተኝ፣ እናንተዬ! ሥጋ ቤት ያለ ይመስል ዝንብ ይከተለዋል። ፊቱ አመድ መስሏል። ለማን እንዳመለከተ ስጠይቀው «ለካቦው ነገርሁት። ለማምለጥ ያሰብሃት ዘዴ ናት ብሎ ሳቀብኝ» አለ። ካቦ ማለት የክፍሉ አለቃ ነው፤ ራሱ እስረኛ ሆኖ በእስረኛ ላይ የተሾመ፣ ከሹሞቹ ቡና የሚጋበዝ፣ አልጋውን መስኮት ሥር ያነጠፈ ቀበጥ። ያ ነው እንግዲህ የወንድሜን እግር የያዘው።

እየሮጥሁ ወደ በሩ ኃላፊ ሄድሁ። አስር አለቃ ነው፤ ጺሙን ተላጭቶ ሽቶ ተቀብቷል። «ጌታዬ፣ ወንድሜን ሐኪም ቤት ይውሰዱልኝ፤ እግሩ በስብሷል» አልሁት። ጥፍሩን እያየ «እስረኛ ሲታመም ራሱ የሚያመለክትበት ሥርዓት አለው፤ ዘመድ አያመለክትም» አለ።

«ሥርዓቱን ማን ነገረው?»

«በየሳምንቱ ይነገራቸዋል።»

«መቼ?»

«አሁን ሲነገር አልሰማሽም እንዴ? እልል ስትዪ አልነበር?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ በኋላ አጣርቼ እንደደረስሁበት። እስረኛ በደል ሲደርስበት ለማን፣ እንዴት እንደሚያመለክት ይነገረው የሚል መመሪያ ከላይ መጣ። ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ሁሉም ይስማ ይላል። የወህኒ ቤቱ አዛዥ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ባነበበ ቁጥር እስረኛው ይስቅበታል። ስለዚህ ድምፅ ያለው ይፈለግ ተባለ። መሪጌታ ላቀው ከጣና ዳር ደብር የመጡ፣ አያት ቅድመ አያታቸው በማሕሌት ያረጁ ሰው ናቸው፤ በመሬት ጠብ ዘመዳቸውን ፈንክተው ነው የገቡት። ወረቀቱ ተሰጣቸው። ሲያዜሙት አዛዡ ራሱ ቆብ አውልቆ ቆመ። እስረኛውም ተነሣ፣ ተማተበ፣ አሜን አለ። አዛዡ በጣም ተደሰተ። እንዲህ ያለ ጸጥታ አይቶ አያውቅማ! ከዚያ በኋላ ከላይ ለሚጠይቁት «በሚገባ ተነግሯቸዋል» እያለ ይመልሳል። ውሸታም ልትለው እንኳ አትችል። ይሄ ነው የሚያንገፈግፈኝ፤ ውሸት ቢሆን እኮ ይቀለኝ ነበር።

መሪጌታን አስጠራኋቸው። ጠያቂ አልነበራቸውም መሰል፣ ሲጠሩ ደንግጠው ነው የወጡት። ረዥም፣ ጥምጥማቸው የነተበ፣ ፊታቸው የዋህ።

«መሪጌታ፣ ያ የሚያነቡት ምን ይላል?»

«መመሪያ ነው ልጄ። ያማረ ቃል አለው።»

«እኮ ምን ይላል?»

ጉሮሯቸውን ጠርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ሊጀምሩ ሲሉ «በዜማ አይደለም!» ብዬ ጮህሁ። «እኔና እርስዎ አሁን እንደምናወራው ይንገሩኝ።»

ተቸገሩ። እውነት ነው የምላችሁ፣ እንደ ልጅ ተቸገሩ። «እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ፊደል ያየሁት በዜማ ነው። በባዶ ድምፅ ማንበብ ሰው ፊት ራቁቴን የመቆም ያህል ያሳፍረኛል» አሉኝ። ለመንኋቸው። ቀስ እያሉ፣ ቃሉን እየለቀሙ ነገሩኝ። የታመመ፣ የተበደለ እስረኛ በካቦው በኩል ማለፍ የለበትም። አዛዡን ፊት ለፊት መጠየቅ ይችላል። አዛዡ ካልሰማው ለዳኛ ያመለክታል። በዚህ የተነሣ ማንም አይከለክለውም፣ ማንም አይቀጣውም። እየተናገሩ ሳለ ድምፃቸው እየወረደ ሄደ። ሲጨርሱ አጥሩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ወይ ጉዴ! ወንድምሽ እኮ ከኔ አጠገብ ነው የሚተኛ። እግሩ ሲሸተኝ ፊቴን አዙሬ ጸሎት እደግምለታለሁ። መድኃኒቱ በኔ አፍ ውስጥ ነው ለካ!»

«በመጪው እሑድ እንደ ሰው ይንገሯቸው፤ ስለ ጊዮርጊስ» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ።

ያን እሑድ መቼም አልረሳውም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ዜማውን ይጠብቃሉ። ዜማ የለም። እማማ ዘርፌ «ምነው፣ መሪጌታ ታመሙ እንዴ?» አሉኝ። ከውስጥ የአንድ ሰው ንግግር ብቻ ይሰማል፤ ተራ የሰው ንግግር፣ ገበያ ውስጥ እንደሚወራው። ከዚያ እንደ ወንዝ ሙላት ያለ ድምፅ ተነሣ። እስረኛው ሁሉ ባንድ ጊዜ «እኔ አለኝ! እኔም አለኝ!» ማለት ጀመረ። ፊሽካው ተነፋ። ዋርድያው ሰደፉን ይዞ ሮጠ። እኛንም «ዛሬ ጥየቃ የለም፣ ሂዱ!» ብለው በተኑን፤ የያዝነውን ስንቅ እንኳ አልተቀበሉንም። እማማ ዘርፌ ሳህናቸውን እንዳቀፉ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ደሴ በኋላ እንደነገረኝ፣ መሪጌታ ተናግረው ሲጨርሱ መጀመሪያ እጁን ያነሣ እሱ ነበር። በሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ «አዛዡ ይጠሩልኝ» አለ። አዛዡ መጣ። ሐኪም ቤት ውሰዱኝ የሚል አለ፣ የፍርዴ ጊዜ አልፏል የሚል አለ፣ ካቦው ምግቤን ይቀማኛል የሚል አለ። አዛዡ ሁሉንም ዞር ዞር ብሎ አያቸውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ማን ነገራችሁ?»

ስሙኝማ! እንዲነገራቸው ታዟል፤ ሲነገራቸው ከርሟል፤ ሲነገራቸው ደግሞ ቆብ አውልቆ ቆሟል። የሰሙ ዕለት «ማን ነገራችሁ?» ይላል። መሪጌታ ወጡና «እርስዎ እኮ ነዎት ያዘዙኝ» አሉት። «እንድታነብ ነው ያዘዝሁህ፣ እንድታሳምፅ ነው?» አላቸው፣ ያን አንቱ የተባለ ሰው አንተ ብሎ። ወዲያው ወደ ሌላ ወህኒ ቤት ወሰዷቸው፤ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ደሴ ደግሞ መጀመሪያ እጅ ያነሣ በመሆኑ የአድማው መሪ ተባለ። ምርመራ ተጀመረ። ከማን ጋር ተማከርህ፣ ከውጭ ማን መከረህ እያሉ ከበሰበሰ እግሩ ጋር ጨለማ ክፍል ዘጉበት። ሐኪም ቤት የወሰዱት አዝነው እንዳይመስላችሁ። ሽታው የመርማሪውን ምሳ ስላስጠላው ነው። ሐኪሙ፣ ወጣት ልጅ ነበር፣ ጨርቁን ፈትቶ ሲያይ ፊቱን አዞረ። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ኖሮ በመርፌ ይድን ነበር» አለ። ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አብሮት የመጣው ዋርድያ ግድግዳውን ተደግፎ ሸንኮራ ያላምጣል፣ ልጣጩንም እዚያው ሆስፒታሉ ወለል ላይ ይተፋዋል።

መመሪያው ቀረ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አልቀረም! ሌላ ድምፀ መልካም ተፈለገና ተገኘ። እሑድ ረፋድ ላይ ያ ዜማ እንደገና ተነሣ፤ ሴቶቹም ነጠላቸውን አጣፉ፣ እልል አሉ። «ዝም በሉ! ምን እልል ያሰኛችኋል፣ ልጆቻችሁን እየቀበሯቸው ነው!» ብዬ ጮህሁባቸው። ዞረው አዩኝ። አንዷ ጓደኛዋን ጠቀስ አድርጋ «ጠበል ቢወስዷት ጥሩ ነው» አለች። እማማ ዘርፌ ብቻ ክንዴን ይዘው ዳር አወጡኝና ምን እንደሆንሁ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ካዳመጡኝ በኋላ «ልጄ፣ እንዲያውም ዜማው ይሻላል። እንዲያ ሲሆን ቢያንስ ስንቃችንን ይቀበሉናል» አሉኝ። ልጃቸው ውስጥ ነው።

ዛሬም ይኸው ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ ስለዚሁ ጉዳይ ሥልጠና ይሰጣል ትለኛለች ትዕግሥት። የታሸገ ውሃ ይደረደራል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ምሳ ይበላል፣ ፎቶ ይነሣሉ። ልጅቱ ክፉ አይደለችም፤ ቅን ናት። «እና ምን እናድርግ ታዲያ እቴቴ?» አለችኝ ሁሉንም ከሰማች በኋላ፣ ዓይኗ አብጦ። «ሙዚቃውን አውጡት። ክፍላቸው ድረስ ግቡ። ካቦው ሳይኖር፣ ዋርድያው ሳይቆም፣ ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው። ከዚያ ምን እንደገባቸው መልሰው ይንገሯችሁ» አልኋት። እሱ እኮ ፈቃድ ይጠይቃል አለችኝ። ይጠይቃላ! እኔስ እሱን አይደል የምለው።

የደሴ ፍርድ ያለቀ ዕለት በሩ ላይ ልቀበለው ቆሜ ነበር። ከሱ ጋር የሚለቀቁት ሁሉ ወጡ፤ እሱ ቆየ። ፀሐዩ አናቴን ሲበሳው በመጨረሻ በሁለት ምርኩዝ እየዘለለ ብቅ አለ። አዛዡ እስከ በሩ ድረስ አጅቦት ነበር፤ ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርጎ «ጎበዝ!» አለውና ተመለሰ። የደሴ ሱሪ አንዱ እግሩ ተጠቅልሎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«ምን አስቆየህ?» አልሁት።

«የሚለቀቅ እስረኛ ቅሬታ እንዳለው ይጠየቃል። መመሪያው ነው አሉኝ።»

«እሰይ! ሁሉንም ነገርሃቸዋ?»

«የለኝም አልሁ።»

ደሜ ፈላ። በሰው ፊት፣ እዚያው መንገድ ላይ ልመታው እጄን አነሣሁ። «የለኝም? አንተ የለኝም? እግርህን ጥለህላቸው የለኝም?»

ደሴ ምርኩዙ ላይ ተደገፈ። ወደ በሩ አላየም፤ ወደኔም አላየም።

«ካለህ እስኪጣራ ድረስ እዚሁ ትቆያለህ አሉኝ፣ እህቴ» አለ።